ጥርኝ የዘራው ቲማቲም

የጎመን ቅጠል ገለጥ አድርጌ ልቀጥፍ እጄን ስሰድ ጣቶቼ ቀዝቃዛ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ላይ አረፉ። ጮህኩ። እጄን ሳወጣው ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ሌባ ጣቴ ላይ ተለጥፏል። ባራግፈው አይራገፍ፤ ድንጋይ ላይ ስጠርገው ልጋጉ ከጣቴ እስከ አንጓዬ እንደ ንፍጥ ተጎተተ። የያዝኩትን ጎመን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩና በሳሙና ታጠብኩ። አልለቅ ቢለኝ በበረኪና ደገምኩት። ቆዳዬ ሊላጥ ደረሰ፤ እኔ ግን አሁንም ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ስመለስ አማቴ ከጎመኑ መሃል ቀና ብለው፣ “ምን ነካሽ? እባብ ነው?” አሉኝ።

“ቀንድ አውጣ ነው፣ እማማ።”

“ቀንድ አውጣማ ምን ያደርጋል? ጥርስ የለው። ይልቅ ጎመኑን ጭቃ ላይ ጣልሽው፣ አንሺው።”

አነሳሁት። የዚያን ቀን ምሳችን እሱ ነበር። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ይህ የሆነው አምና መስከረም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሰማዩ ገለጥ ማለት ሲጀምር ነው። የባለቤቴ እናት እኛ ዘንድ ላሊበላ የመጡት ከዚያ በፊት በነበረው የካቲት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከብልባላ ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መኖር ከበዳቸው፤ የቤታቸውም አንድ ጎን ዘመመ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ሲመለስ እናቱን ከነመቆፈሪያቸው ይዟቸው መጣ። በነጠላቸው ጫፍ ደግሞ ዘር ቋጥረው ነበር፤ የጎመን፣ የዱባ፣ የቀይ ሥር፣ የበቆሎ። እኔ አርፈው ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጓሮውን መቆፈር ጀመሩ።

ጓሮው የኔ ነበር። የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ የአልጋ ክፍሎች ጽዳት ኃላፊ ነኝ። ትራስ ላይ አንዲት ፀጉር ካገኘሁ አንሶላው በሙሉ ተነስቶ እንዲታጠብ አደርጋለሁ። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት እንኳ ማንም የማይተኛባቸውን አልጋዎች እያስነሳሁ አሳጥብ ነበር። ቤቴም እንደዚያው ነው። ወለሉን ሴራሚክ አስነጥፈናል፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ ነጭ በነጭ የሆነ መጸዳጃ ቤት አሠርተናል፤ ጓሮውን ደግሞ ጠጠር አስደፍቼ የልብስ ማስጫ ሽቦ ወጥሬበት ነበር። ጭቃ የሚባል ነገር አይታይበትም።

አማቴ ጠጠሩን በዶማ እየገለበጡ ጥግ ላይ ከመሩት። ቀጥሎ እበት ፍለጋ ወጡ። ጠዋት ጠዋት ከብቶች የሚነዱበትን መንገድ ተከትለው ይሄዱና ባልዲ ሙሉ ትኩስ እበት ይዘው ይመለሳሉ። በእጃቸው ነው የሚያፍሱት። ያ ባልዲ የኔ የወለል መወልወያ ባልዲ ነበር። መጀመሪያ ባየሁት ቀን ወጥቼ ሌላ ገዛሁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሐምሌና ነሐሴ ሌት ተቀን ሲወርድ ጓሮው አበጠ ብል ይሻላል፤ በቀለ የሚለው ቃል አይበቃውም። የዱባው ሐረግ ግንቡን ወጥቶ ወዲያ ማዶ ተንጠለጠለ። ጎመኑ ጉልበቴን አለፈ። በቆሎው የመስኮቴን ግማሽ ጋረደው። ሥር ሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሁልጊዜ ጨለማ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የበሰበሰ ቅጠል ሽታ መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል። ትንኙ፣ ዝንቡ፣ ጉንዳኑ፣ ስሙን የማላውቀው ፀጉራም አባጨጓሬ ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። አንድ ቀን የላስቲክ ቦቲዬን ላጠልቅ እግሬን ስከት ለስላሳ ነገር ተረከዜ ሥር እጥፍ አለ። ጉርጥ ነበር። ቦቲውን ከነጉርጡ ወረወርኩት።

አማቴ ሄደው ጉርጡን በመዳፋቸው አወጡት። እጃቸው ላይ ሸናባቸው። ከት ብለው ሳቁና መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ አበሱ።

“ይሄ ዘበኛዬ ነው። ትሉን የሚለቅምልኝ እሱ ነው። ደነገጠ እኮ፣ አንቺ ሴት!”

እሳቸው በዚያ ጓሮ ደስ እንደሚላቸው ሌላ ሰው በምን ደስ እንደሚለው አላውቅም። መስከረም ሲጠባ፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጥጉ ላይ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ይቀመጣሉ። ንቧ የዱባ አበባ ውስጥ ገብታ ስትንደባለል ያያሉ። ጭራዋን የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ በጎመኑ መደብ መሃል ስትሮጥ፣ “ነይ፣ ነይ፣ ብይ” ይሏታል። ከዚያ ይነሱና እሸት ይሰብራሉ፣ ቀይ ሥር ይነቅላሉ፣ ለጎረቤት ጎመን ያድላሉ። ሰው “እሰየው፣ እጅዎ ይባረክ” ሲላቸው ፊታቸው እንደ ልጅ ይፈካል። እኔ በመስኮት ሆኜ ነው የማየው። መስኮቱ ዝግ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ትል ለቀማው ነበር። ጥቅል ጎመኑ ላይ አረንጓዴ ትል ወጣበት። አማቴ ቅጠሉን እየገለጡ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንድ በአንድ ይጨፈልቁታል። ጭጭ የሚል ድምፅ አለው። አረንጓዴ ውሃ ይወጣዋል። ከዚያ ተነስተው ለእራት ይመጣሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ግን በውሃ ብቻ ነው፤ እህሉን ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል ይላሉ። አንድ ማታ ትሪው ዙሪያ ተቀምጠን፣ ከሽሮው ጠቅለል አድርገው፣ “በሞቴ!” ብለው ወደ አፌ ሰነዘሩ። ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ መስመር አየሁ። ምን ላድርግ? የባሌ እናት ናቸው፤ ፊታቸው ሳቅ ብሏል። አፌን ከፈትኩ። ሳላኝክ ዋጥኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሳቸው በርበሬው የበዛ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ።

ለባለቤቴ ስልክ ደወልኩለት። “እናትህን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ጓሮውን አልቻልኩትም” አልኩት።

“አንቺ ደግሞ፣ ጎመን ነው እኮ” አለኝና ሳቀ። ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። “ደስ ብሏት ትዋል። ሌላ ምን ቀራት?”

ስልኩን ዘግቼ ወለሉን ወለወልኩ።

ከዚያ ጓሮ ውስጥ ሳልጸየፍ የበላሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከግንቡ ሥር፣ የዱባው ሐረግ ከሚያልቅበት ጥግ፣ ማንም ያልዘራው ቲማቲም በቅሎ ነበር። ፍሬው ትንንሽ ነው፤ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ በዘለላ በዘለላ ይንዠረገጋል። የሌላው ሰው ቲማቲም በዝናቡ ጠቁሮ ሲረግፍ ይህ ምንም አልሆነም። አማቴ እየደነቃቸው፣ “እኔ አልዘራሁት። እግዜር ነው የዘራው” ይሉ ነበር። ጥጉ በእርግጥ ይሸታል፤ ነገር ግን ያ ጓሮ የማይሸት ጥግ ስላልነበረው ለይቼ አላየሁትም። ለቀማውንም ለሳቸው ትቼዋለሁ። እኔ የሚመጣልኝን በጨው ውሃ አጥቤ፣ በሎሚ አለቅልቄ፣ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ከትፌ የጾም ፍትፍት እሠራበታለሁ። ጣፋጭ ነበር፤ የጣፈጠኝን ያህል ደግሞ መሬት የነካ ነገር ጣፍጦኝ አያውቅም። ከሆቴል ሥራ ስወጣ ስለሱ እያሰብኩ ነበር ወደ ቤት የምሄደው።

መስቀል እንዳለፈ ባለው ዓርብ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ጎልማሳ ቄስ ናቸው፤ ንጽሕና ይወዳሉ፤ ቀሚሳቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም እኔ በጣም የማከብራቸው። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ የቲማቲም ፍትፍቱን አቀረብኩላቸው። ሁለት ጊዜ ጨማምሬላቸው በሉ።

“ይሄን ከየት ነው ያመጣችሁት? የገበያው እንዲህ አይደለም” አሉ።

አማቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ “ከጓሯችን ነው አባ። ራሱ የበቀለ ነው” አሉ። ኩራታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ሲሄዱም በፌስታል ቋጥረው ሰጧቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ለማለዳ ሥራ እየተዘጋጀሁ ሳለ፣ ገና ሲነጋጋ፣ የምሠራበት ሆቴል ምሳ ላይ የምበላው ቲማቲም ልቀጥፍ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ጓንቴን አድርጌ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በጎመኑ መካከል እየተሳቀቅኩ ወደ ጥጉ ስጠጋ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ከበሰበሰ ቅጠል ሽታ የተለየ ነው፤ ከብድ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ የቆየ ሽቶ ከዓይነ ምድር ጋር የተቀላቀለ የሚመስል። ቆምኩ። ከቲማቲሙ ሥር አንድ እንስሳ ተቀምጧል።

ውሻ መስሎኝ ነበር። ውሻ ግን አይደለም። ፊቱ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ነው፤ ጎኑ ነጠብጣብና ሽንትር ያለበት፤ ከጀርባው መሃል የቆመ ጥቁር ፀጉር አለው። ኋላውን ዝቅ አድርጎ፣ ጭራውን ቀና አድርጎ፣ እየተጸዳዳ ነው። አየኝ። አልደነገጠም። እኔ እንጂ እሱ ምንም አላፈረም። ሥራውን ጨርሶ ተነሳ፣ ግንቡን በጎኑ ታከከ፣ ከዚያ በፍሳሽ መውጫው ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ከመንደሩ በታች ወዳለው ገደል ወረደ።

ወደ መሬቱ አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር። የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም፤ በዱባው ሰፋፊ ቅጠል ተሸፍኖ የኖረ ክምር ነው። የቆየው ደርቆ ነጣ ብሏል፣ ትኩሱ ላዩ ላይ ያብለጨልጫል። ውስጡ ፀጉር አለ፣ የጥንዚዛ ቅርፊት አለ፣ የወፍ ላባ አለ። በመካከሉ ደግሞ ትንንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ቢጫ ፍሬዎች ተሰክስከዋል። የቲማቲም ፍሬ ነው። አንዳንዱ ነጭ ጅራት አውጥቷል። ከዚያው ክምር ውስጥ ነው ግንዱ የወጣው፤ ዘለላዎቹም ወርደው ከላዩ ላይ ተኝተዋል። አንዱ ቀይ ፍሬ ትኩሱ ውስጥ ግማሽ ድረስ ሰምጧል።

ግንቡን ይዤ አስመለሰኝ። ባዶ ሆዴን ነበርኩ፤ የወጣው የትናንቱ ነው።

አማቴ ድምፄን ሰምተው መጡ። ጀርባዬን እየደባበሱ፣ “ምነው ልጄ? አርግዘሽ ይሆን እንዴ?” አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር።

በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። በእንጨት ነካ ነካ አደረጉት። እኔ ዞርኩ።

“ጥርኝ ነዋ!” አሉ፤ እንግዳ የመጣላቸው ይመስላሉ። “ጥርኝ ከአንድ ቦታ በቀር አይጸዳዳም። ዝባድ የሚወጣው ከሱ አይደል? በኛ አገር ጠፍቶ ነበር። ለካ እዚህ ኖሯል!”

“እማማ፣ ቲማቲሙ እኮ ከሱ ሆድ ነው የወጣው! ከገበያ ቆሻሻ ላይ በልቶ እዚህ አምጥቶ ነው...” መጨረስ አልቻልኩም።

“እና ምን ሆነ? ለጎመኑ ያፈሰስኩለት ምንድን ነው? እበት አይደለም?”

“እበት የላም ነው!”

“ላሟስ በየት በኩል ነው የምታወጣው?”

 ትክክል መሆናቸው ግን ማቅለሽለሹን አልቀነሰልኝም። ሥራ ሄጄ ሙሉ ቀን በየክፍሉ የቲማቲም ፍሬ ጥርሴ ውስጥ የቀረ እየመሰለኝ አፌን ስጉመጠመጥ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ አልበላሁም። አማቴ ግን ቀጠሉ። ለቅመው፣ በውሃ ለቅለቅ አድርገው፣ በጨው ይበላሉ፤ ሲበሉ ድምፁን እሰማለሁ። እኔ ሳህናቸውን ለብቻው፣ ሳህኔን ለብቻው ማጠብ ጀመርኩ። ያዩኝ ነበር መሰለኝ።

በሳምንቱ ረቡዕ ቄሱ ሳይጠሩ መጡ። እግረ መንገዳቸውን ነው። “ያ ቲማቲም ልቤን ወስዶታል” ብለው ሳቁ። አማቴ የሆኑትን መሆን ልገልጸው አልችልም። ከተማ ከመጡ ጀምሮ የሳቸውን ነገር ፈልጎ ቤታችን የመጣ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሮጠው ወጡ፣ ለቀሙ፣ ራሳቸው ከተፉ፣ ራሳቸው ፈተፈቱ። ትሪውን አቀረቡና ቆመው ማስተናገድ ጀመሩ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ቄሱ ባርከው አንድ ጎረሱ። ሲያኝኩ ጉንጫቸውን አየሁ። ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ፣ እንጀራው ላይ የተለጠፈችውን አንዲት ቢጫ ፍሬ አየሁ። ከዚያ አፌ ብቻውን ተናገረ።

“አባ፣ አይብሉት! ጥርኝ ነው የዘራው። ከዓይነ ምድሩ ላይ ነው የበቀለው።”

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወደ አማቴ ዞሩ። “እውነት ነው እናቴ?”

አማቴ፣ “ከአፈር ነው አባ፤ ሁሉም ከአፈር ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ግን አነሰ።

ቄሱ ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱት። ተነሱ። እስከ በሩ ድረስ እንደ ጨዋ ሰው ሄዱ፤ ከበሩ ሲወጡ ግን ሮጡ። እንትፍ፣ እንትፍ ሲሉ ሰማን። ውሃ ይዤ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ፤ ፂማቸው ላይ ምራቅ ተንጠልጥሎ ነበር። ዓርብ የወሰዱትን ለቤተሰባቸው እንዳበሉ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ግንባራቸውን ያዙ።

ሲመለሱ አልተቀመጡም። “ኃጢአት አይደለም እናቴ” አሏቸው። “ፍሬው ፍሬ ነው፤ ምንም የለበትም። ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ። ይቅር ይበሉኝ።” መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ። አማቴ መስቀሉን ሲሳለሙ ዓይናቸውን አላነሱም።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። አንድ የሚጸየፍ ሰው አገኘሁ፤ እብድ አይደለሁም ማለት ነው። ትሪውን አንስቼ ከነፍትፍቱ ውጭ ደፋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ስለብስ ከጓሮ የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። አማቴ ቲማቲሙን ከሥሩ ነቅለው ጥለውታል። እሱ ብቻ አይደለም። ጎመኑን እየነቀሉ ነው፤ በሁለት እጃቸው እየያዙ፣ ወደ ኋላ እየተንገዳገዱ። ቀይ ሥሩ ተበትኗል። የዱባው ሐረግ ተጎትቶ ወርዷል።

ወጣሁ። ጓንት አላደረግሁም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

“እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? እኔ ቲማቲሙን ነው እንጂ ያልኩት...”

“ተይኝ።” ሌላ ጎመን ነቀሉ። ሥሩ ላይ ከተንጠለጠለው አፈር ውስጥ ነጭ ትል ወድቆ እግሬ ጣት ላይ አረፈ። ራሴን ይዤ ቆምኩ። “በሰው ፊት አፈር አስበላሽኝ። ቆሻሻ የምታበላ ሴት አደረግሽኝ፤ ለቄስ! እኔ እኮ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር አልተናገርኩም። አንድ ነገር!”

“ምን ይናገሩ ነበር?”

ቀና አሉ። ፊታቸው በላብና በጭቃ ተለውሷል። ወደ ቤቱ ጠቆሙ።

“ያን! ያን ነጭ ቤትሽን! እህል የምታበስይበት እዚህ፣ የምትጸዳጂበት እዚያ፤ በመሃላቸው አንዲት ግድግዳ! ሰው ከሚበላበት ጣሪያ ሥር ይጸዳዳል? እኛ አገር ውሻ እንኳ ከቤት ወጥቶ ነው። ወጥ ስትሠሪ የሰው ውሃ ሲወርድ እሰማለሁ። ስንት ቀን ጉሮሮዬ ላይ ቆሞብኝ ዋጥኩ መሰለሽ! ጥርኝስ ምግባሩን ያውቃል፤ ከግንቡ ሥር ሄዶ ነው።”

 አማቴ ከመጡ ጀምሮ ምሳና እራት ላይ ጥቂት ቀምሰው “ጠገብኩ” ይሉ ነበር፤ ዕድሜ ነው እል ነበር። መጸዳጃ ቤቱንም እንዴት እንደሚጠቀሙበት አሳይቻቸው፣ ሁልጊዜ ደርቆ ሳገኘው በንጽሕናቸው እገረም ነበር። ለካ አንድም ቀን አልገቡበትም። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሉ ከመንደሩ ወጥተው ገደሉ ድረስ ይሄዱ ነበር፤ በዝናቡም፣ በዚያ ጉልበታቸው። እንግዲህ ሁለታችን ወራት ሙሉ በአንድ ትሪ ስንበላ፣ እያንዳንዳችንን የሌላችን ነገር እያቅለሸለሸን ነበር ማለት ነው።

ያን ስሰማ ልቤ ራራ ብል ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። የኔ ነጭ ሴራሚክ! በየቀኑ በበረኪና የማጥበው! ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ፣ ሳልፈልግ፣ የሳቸውን ዓይን ይዤ አየሁት፤ ድስቱን፣ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን። ለቅጽበት ያህል የራሴ ቤት ቀፈፈኝ።

“ጎመኑን ይተዉት” አልኩ። “ለሰው እንኳ ይሰጣል።”

መንቀሉን ተዉ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እኔ የተነቀለውን ጎመን ሰበሰብኩ። በባዶ እጄ ነው፤ እያንዳንዱን ቅጠል ስነካ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ይሰቀጥጠኝ ነበር። በዘንቢል ሞልቼ ለጎረቤቶች አደልኩ፤ ትሉ እንዳለበት ለሁሉም ነገርኳቸው። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ባለቤቴ ሲመጣ ነገሩን ከሁለታችንም ሰማ። መጀመሪያ ሳቀ፤ እኔም እናቱም ስንቆጣው ሳቁን ተወ። በጓሮው ታችኛው ጫፍ ከግንቡ ወዲያ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በእንጨትና በቆርቆሮ የውጭ መጸዳጃ ቤት ሠራላቸው። አማቴ መብላት ጀመሩ። እውነት ነው፤ በሳምንት ውስጥ ፊታቸው ሞላ። ጥርኙ ለጥቂት ቀናት ከጠፋ በኋላ ሌላ ቦታ አገኘ አሉ አማቴ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቄሱም ወደ ቤታችን መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ ግን ሲመጡ “አሁን በልቻለሁ” ይላሉ።

ጥቅምት ላይ አማቴ በበቆሎው ሥር የተከሉት ድንች ደረሰ። ዝናቡ ስለበዛ ግማሹ መሬት ውስጥ በስብሶ ነበር። የበሰበሰ ድንች የሸተተው ሰው ያውቀዋል፤ የሞተ ነገር ይመስላል። አማቴ ይቆፍራሉ፣ እኔ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ከሆቴል ባመጣሁት ቢጫ ጓንት እለቅማለሁ። አንዱን ደህና መስሎኝ ጨበጥ ሳደርገው እጄ ውስጥ ፈነዳ። ነጭ ወፍራም ውሃ በጓንቱ አፍ ገብቶ በክንዴ ወረደ። ጮኼ ጓንቱን አሽቀንጥሬ ወረወርኩት።

አማቴ አልሳቁም። ዶማቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሄደው ውሃ በጆግ አመጡ፤ ሳሙናም ይዘው ነበር።

“እጠቢ” አሉኝ፤ እያፈሰሱልኝ። “ሂጂ ከቧንቧው ዘንድ ተቀመጪ። እኔ ከጭቃው አወጣለሁ፤ ደህና ደህናውን እየላክሁልሽ አንቺ እጠቢልኝ።”

እንዲያ አደረግን። እሳቸው በባልዲ እየሞሉ ያቀብሉኛል፣ እኔ በብሩሽ እየፈተግሁ ነጭ እስኪሆን አጥበዋለሁ። ውሃው እየጠቆረ ሲሄድ ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ። ሲመሽ ሁለት ማዳበሪያ ሞላን። ለእራት ቀቀልነው፤ እኔ የኔን ልጣጩን ወፈር አድርጌ ላጥኩት። እሳቸው ከነልጣጩ በሉ፤ እኔም ወደ ሳህናቸው አላየሁም።